ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር፤ የገዢዎች አስተያየት ምን ያስተምረናል?

በጊዜያችን ኮምፒዩተር የማይገባበት ሥራ የለም ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከብዙዎቻችን ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ውስጡን የተመለከተ ጥቂት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው ማዘርቦርድ የተባለው ሰፊ ሰሌዳ ነው፤ የቀሩት ክፍሎች ሁሉ የሚገናኙት በእርሱ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ሶኬት በተባለው መሰኪያ ላይ ተቀምጦ የታዘዘውን ሒሳብ ሁሉ ያሰላል። ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒዩተሩ አይነሣም፤ ገንዘብም በከንቱ ይቀራል።

ማዘርቦርድ የገዙ ሰዎች የሚሰጡትን አስተያየት ያነበበ ሰው ግራ ይጋባል። ስለ አንዱ ሰሌዳ አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ያማርራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱን በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ማስረዳት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ምሳሌያችን ቢ 450 በተባለው ቺፕሴት የተሠሩት ማዘርቦርዶች ናቸው። ቺፕሴቱን በ2018 ያወጣው ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ሰሌዳዎቹን የሚሠሩት ግን ሌሎች ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ናቸው። ሶኬታቸው ኤ.ኤም. 4 ይባላል፤ የፕሮሰሰሩ እግሮች የሚገቡባቸው 1331 ቀዳዳዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ ራይዘን የተባሉ ፕሮሰሰሮች በዚህ ሶኬት በ2017 ሲወጡ፣ ኩባንያው በሶኬቱ እስከ 2020 ድረስ እንደሚቀጥል ተናግሮ ነበር። በዚያው በ2017 ተወዳዳሪው ኢንቴል ያወጣቸው አዲስ ፕሮሰሰሮች፣ የሶኬቱ ቍጥር ያው 1151 ሆኖ ሳለ፣ በቀደሙት ሰሌዳዎች ላይ እንዲሠሩ አልተፈቀደም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ገዢዎች ወደ ፊት ፕሮሰሰሩን ብቻ እንለውጣለን በማለት የኤ.ኤም. 4 ሰሌዳ መረጡ።

እንግዲህ ስምምነት ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል።

አንደኛው የሶኬቱ ቅርጽ ነው። ይህን ማንም በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ባዮስ ነው። ባዮስ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሆን፣ በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል። ባዮሱ የማያውቀው ፕሮሰሰር፣ በሶኬቱ ልክ ቢገባም እንኳ ሥራ አይጀምርም። በ2018 ተሠርቶ በመደብር የቆየውን ቢ 450 ሰሌዳ በ2019 ከወጣው ራይዘን ጋር የገዛ ሰው፣ ባዮሱ ካልታደሰ ስክሪኑ እንደ ጨለመ ይቀርበታል። ባዮሱን ለማደስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰሌዳው የሚያውቀው የቀድሞ ፕሮሰሰር ይፈለጋል። ቀደም ሲል በ2018 ተመሳሳይ ችግር በመድረሱ፣ ኤ.ኤም.ዲ. ራሱ ለገዢዎች ፕሮሰሰር ያውስ ነበር። ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ዲስክ ባዮሳቸውን የሚያድሱ ሰሌዳዎችም አሉ። ስለዚህ አንዱ ገዢ «ሰሌዳው የሞተ ነው» ሲል ሌላው «ወዲያው ተነሣልኝ» ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የባዮሱ ዕድሜ ነው።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ራይዘን 5 3600 ስድስት ኮር ያለውና በ65 ዋት የተመደበ ሲሆን፣ ራይዘን 9 3950ኤክስ ግን ዐሥራ ስድስት ኮርና 105 ዋት አለው። በርካሽ ሰሌዳ ላይ ያሉት የኃይል መመጠኛ ክፍሎች የመጀመሪያውን ያለ ችግር ይሸከማሉ፤ ሁለተኛው ረጅም ሥራ ሲሠራ ግን በጣም ይግላሉ፤ በዚህም ጊዜ ጉዳት እንዳይደርስ ፍጥነቱ ይቀነሳል። «ፕሮሰሰሬ ቀርፋፋ ነው» የሚለው ቅሬታ አንዳንድ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው።

አሁን የገዢዎች አስተያየት ያመጣውን ለውጥ እንይ። ሜይ 7 ቀን 2020 ኤ.ኤም.ዲ. መጪዎቹ ፕሮሰሰሮች በ500 ተከታታይ ቺፕሴቶች ላይ ብቻ እንደሚሠሩ አስታወቀ። ምክንያቱም በብዙ የቀድሞ ሰሌዳዎች ላይ ያለችው የባዮስ ቺፕ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለምትይዝ፣ የፕሮሰሰሮቹ ሁሉ መረጃ አይበቃባትም የሚል ነበር። ገዢዎቹ ግን አጥብቀው ተቃወሙ። በዚያን ጊዜ ርካሹ ቢ 550 ገና አልወጣም ነበርና፣ ውዱን ኤክስ 570 ለመግዛት ያልቻለ ሰው ያለው ምርጫ ቢ 450 ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ድምፃቸው ሲተባበር ተሰማ። ኩባንያው ሜይ 19 ቀን ቃሉን ለውጦ፣ ለቢ 450ና ለኤክስ 470 አዲስ ባዮስ እንዲዘጋጅ ፈቀደ፤ ነገር ግን ለአዲሶቹ ቦታ ለመስጠት የአንዳንድ አሮጌ ፕሮሰሰሮች መረጃ እንደሚወጣ አስጠነቀቀ። በ2022 ደግሞ ፈቃዱ በ2017 ለወጡት ሰሌዳዎች ጭምር ደረሰ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የሌላውን አስተያየት ስናነብ «ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» በሚለው ቃል ብቻ አንመን፤ ሰውዬው የትኛውን ፕሮሰሰር፣ በየትኛው ባዮስ፣ ለምን ዓይነት ሥራ እንደ ተጠቀመ እንፈልግ። ከመግዛታችንም በፊት የሰሌዳው ፋብሪካ ያወጣውን የፕሮሰሰሮች ዝርዝር እንመልከት፤ በዚያ ውስጥ ከፕሮሰሰሩ ስም አጠገብ የሚያስፈልገው የባዮስ ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። እኛም በተራችን አስተያየት ስንሰጥ እነዚሁኑ ነገሮች ለይተን እንጻፍ። በሚገባ የተጻፈ ቅሬታ የሚቀጥለውን ገዢ ከኪሳራ ያድነዋል፤ ሠሪውንም ቃሉን እንዲያከብር ያስገድደዋል።