የትዳር ቪዛ፦ የሚከፈለው ገንዘብና የሚቀያየረው አድራሻ

ከባልና ሚስት አንዱ ሚኒሶታ ወይም ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ እየሠራ ሌላው ኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ እንጭኒ፣ የቀረ እንደሆነ፣ «ፕሮሰስ» ሲነሣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ይፈጃል?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ክፍያው ለሁለቱም ወገን ይከብዳል። ከገንዘቡ እኩል መጠየቅ ያለበት፣ ግን እምብዛም የማይጠየቀው ሌላው ጉዳይ አድራሻ ነው። አድራሻችን በየትኛው መሥሪያ ቤት ተመዝግቧል? ቤት ስንቀይርስ ለማን እንናገራለን? ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ያብራራል፤ የሚናገረውም በትዳር ወደ አሜሪካ ስለሚገባበት ቪዛ ነው።

መጀመሪያ አሜሪካ ያለው ወገን አይ-130 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል። እርሱ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆኑን፣ ትዳሩም እውነተኛ መሆኑን የሚያስረዳበት ማመልከቻ ነው። ክፍያው ከመጋቢት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በኢንተርኔት ለሚሞላ 625 ዶላር፣ በወረቀት ለሚልክ 675 ዶላር ነው፤ ቀድሞ 535 ነበር። ገንዘቡን የሚቀበለው የአሜሪካ ዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት፣ ሰው በተለምዶ ዩኤስሲአይኤስ የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ገንዘቡ አይመለስም።

ማመልከቻው ሲጸድቅ ፋይሉ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ፖርትስመዝ ከተማ ወደሚገኘው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይተላለፋል። ኤንቪሲ የሚባለው እርሱ ነው። እዚያ ሁለት ክፍያ አለ፤ ለቪዛው ማመልከቻ 325 ዶላር፣ የስፖንሰሩን፣ ማለትም አሜሪካ ያለውን ወገን፣ የገቢ ሰነድ ለመመርመር ደግሞ 120 ዶላር። ሁለቱም የሚከፈሉት በኢንተርኔት፣ አሜሪካ ውስጥ ካለ የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ግሪን ካርዱ ተዘጋጅቶ እንዲላክ 235 ዶላር ይከፈላል፤ ይህኛው ተጓዡ ከአገር ከመውጣቱ በፊት ቢከፈል ይመረጣል። ሁሉም ሲደመር አይ-130ን በኢንተርኔት የሞላ ሰው 1,305 ዶላር፣ በወረቀት የላከ 1,355 ዶላር ያወጣል።

የባንክ ሂሳቡ ነገር ለእንጭኒና ለአምቦ ቤተሰብ ትልቅ ትርጉም አለው። እዚህ ያለች ሚስት ብር ይዛ ንግድ ባንክ ብትሄድ የኤንቪሲን ክፍያ የምትፈጽምበት መስኮት የለም። ስለዚህ «የኤንቪሲን ብር ለእኔ ስጪኝ፣ እኔ እከፍልልሻለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ከማን ሂሳብ እንደሚከፍልና ደረሰኙን ማን እንደሚያየው መጠየቅ ይገባል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። በዚህ ተመን ከብት ሸጦ፣ ወይም ተበድሮ፣ አሜሪካ ያለው ሰው በቀላሉ ከራሱ ሂሳብ ሊከፍለው የሚችለውን ገንዘብ ለደላላ ማስረከብ ቤተሰብን ያለ ጥቅም የሚጎዳ ነገር ነው።

በብር የሚወጣው ወጪ ሌላ ነው። ለአዲስ ፓስፖርት በመደበኛው አገልግሎት 5,000 ብር ይከፈላል። የፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትርጉም ዋጋ፣ ከእንጭኒ በሆለታ በኩል አዲስ አበባ የመመላለሻው ትራንስፖርትና ማደሪያው ይታሰባል። በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ለዩኤስሲአይኤስ ሲላክ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ አብሮ መኖር አለበት። የሕክምና ምርመራው የሚደረገው ኤምባሲው በመደበው የአዲስ አበባ የጤና ተቋም ብቻ ነው፤ ክፍያውም ለተቋሙ ነው። አምቦ ወይም ሌላ ቦታ የተደረገ ምርመራ አይቆጠርም። ምርመራውን ቀድሞ መጨረስም አይጠቅምም፤ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በላይ አይቆይም፣ የቪዛውም ዕድሜ ከዚያ አያልፍም። ቀጠሮው ሲደርስ ማድረግ ይሻላል።

ብዙ ቤተሰብ ሳያስበው የሚገጥመው ወጪ የልጆች ነው። አሜሪካ ያለው ባል ግሪን ካርድ ብቻ ካለው ሚስቱ ኮታ ባለው ምድብ ትገባለች፤ ተራ መጠበቅ አለባት። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቿ በእርሷው አይ-130 አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ባልየው ዜጋ ከሆነ ተራ መጠበቅ ይቀራል፤ ልጆቹ ግን በእናታቸው ፋይል አይካተቱም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 ከነክፍያው ይጠየቃል። በመካከሉ ዜግነት ያገኘ ባል የሚስቱ ፋይል ወደ ተሻለው ምድብ ሲዞር የልጆቹ መንገድ ይቋረጣል። ልጆቹ ወደ ኋላ የቀሩበት ቤተሰብ ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ማመልከቻዎቹን ወዲያው ባስገባ ነበር። ከሌላ የተወለደ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው መሆን አለበት።

ክፍያ ባይሆንም መታየት ያለበት ሌላ ገንዘብ አለ፤ የስፖንሰሩ ገቢ። አይ-864 በሚባለው ቅጽ ስፖንሰሩ የአገሪቱ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ የሚደርስ ገቢ እንዳለው ያሳያል። በአውሮፓ 2025 መለኪያ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር ነበር። መለኪያው በየዓመቱ ይከለሳል። ገቢው ካልሞላ አሜሪካ የሚኖር ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሌላ ሰው አብሮ ሊፈርም ይችላል።

አሁን ማንኛውንም ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በጥር 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ለጊዜው ማቆሙን አስታውቋል። የትዳር ቪዛ ከዚሁ ምድብ ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ገንዘብ በሚከፈልበት ሳምንት የኤምባሲውን ገጽ ራስ ማየት ያስፈልጋል። «በእኔ በኩል ክልከላው አይሠራም» የሚል ሰው ካለ ሊታመን አይገባም።

ጥበቃው ሲረዝም አድራሻ የመለወጡ ዕድልም ይጨምራል። አንድ ፋይል ሦስት ቦታ ያልፋል፤ ከዩኤስሲአይኤስ ወደ ኤንቪሲ፣ ከኤንቪሲ አዲስ አበባ እንጦጦ መንገድ ላይ ወዳለው የአሜሪካ ኤምባሲ። ለአንዱ የተነገረ የአድራሻ ለውጥ ለሌላው ይደርሳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባል ቤት ሲቀይር ለዩኤስሲአይኤስ አሳውቆ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ ፋይሉ ግን ቀድሞውኑ ኤንቪሲ ደርሶ ኖሮ የኤንቪሲ መልእክት ወደ አሮጌው አድራሻ መሄዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ለውጥ ሲኖር መጀመሪያ «ፋይሉ አሁን የት ነው?» ብሎ ማጣራት፣ ከዚያ ለያዘው መሥሪያ ቤት መናገር ነው። ለኤንቪሲ የሚጻፈው በድረ ገጹ ባለው የጥያቄ ማቅረቢያ ቅጽ ሲሆን ኬዝ ቁጥሩ አብሮ ይገባል። አዲስ አበባ የሚመለከታቸው ኬዝ ቁጥሮች ኤ፣ ዲ፣ ዲ በሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራሉ።

አሜሪካ ላለው ወገን ሕግም አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 በሚባል ቅጽ አዲሱን አድራሻ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ዜጋ የሆነ ሰው ይህ ግዴታ የለበትም፤ ሆኖም በሂደት ላይ ባለው የትዳር ጓደኛው ማመልከቻ ላይ አድራሻውን ማስተካከል አለበት። ፖስታ ቤት ሄዶ «ደብዳቤዬን ወደ አዲሱ ቤት አዙሩልኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ወደ ላኪው ሊመለስ ይችላል።

እዚህ ያለው ወገን ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ አመልካቹ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ የኖረበትን ቦታ ሁሉ ከነጊዜው ይጠይቃል። እንጭኒ ተወልዳ፣ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ሆለታ ተቀጥራ፣ ቡራዩ ቤት የተከራየች ሴት አራቱንም መጻፍ አለባት። ዓመተ ምሕረቱ ወደ አውሮፓ ሲቀየር በጥንቃቄ ይቀየር፤ ልዩነቱ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ሰባት፣ ከታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ ወዲህ ስምንት ዓመት ነው። እዚህ ላይ በመሳሳት ብቻ የአንድ ዓመት ክፍተት ወይም መደራረብ ይፈጠርና ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄ ያስነሣል።

ሰው ሳይንቀሳቀስ አድራሻው የሚለወጥበት ጊዜም አለ። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፤ የቀድሞ መታወቂያና የአሁኑ መታወቂያ አንድ ዓይነት አይልም። አምቦ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ስለነበር የአባት ወይም የእናት የቆየ ሰነድ ላይ ይህ ስም ሊገኝ ይችላል፤ ቅጹም የወላጆችን የትውልድ ቦታ ይጠይቃል። የእንጭኒ ስም ራሱ በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ ሌላው ላይ በሌላ ይገኛል። ይህ ሁሉ ቪዛ የሚያስከለክል ጥፋት አይደለም። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይዞ በሁሉም ቅጽ አንድ ዓይነት መጻፍ፣ የቦታው ስም ወይም መዋቅሩ ለምን እንደተለወጠ ደግሞ ሲጠየቁ በአጭሩ ማስረዳት ይበቃል።

ቅጹ ከተላከ በኋላ ወደ አረብ አገር ለሥራ የሄደ ሰውም አድራሻውን ማሳወቅ አለበት። በአንድ ሌላ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ሰው የዚያን አገር የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ቤሩት ወይም ሪያድ የሠራች እህት ማስረጃውን እዚያው ሳለች ብታወጣ ብዙ ድካም ይቀርላታል፤ ከተመለሱ በኋላ ከሩቅ ማስወጣት ከባድ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የኢሜይል ጉዳይ ነው። ፖስታ በሳጥን እንጂ በየቤቱ በማይደርስበት አገር ዋናው አድራሻ ኢሜይል ሆኗል፤ ኤንቪሲም የሚጽፈው በኢሜይል ነው። ብዙ ሰው ግን ኢሜይሉን የሚከፍትለት ቅጹን የሞላለት የኢንተርኔት ቤት ልጅ ወይም ደላላ ነው፤ የይለፍ ቃሉም እርሱ ጋ ይቀራል። ልጁ ሥራ ሲለቅ፣ ወይም «ጨምሩልኝ» ብሎ መልእክቱን ሲይዝ፣ ቤተሰቡ ቀጠሮ እንደመጣ እንኳ አያውቅም። ኢሜይሉ የአመልካቹ ይሁን፤ የይለፍ ቃሉን ባልና ሚስት ብቻ ይወቁት፤ የተመዘገበው ስልክም የራስ ይሁን። ሲም ካርድ የቀየረ ሰው ቁጥሩን ያስተካክል። ይህ ለቅንጦት የሚነገር ምክር አይደለም፤ የአሜሪካ ሕግ ቪዛ መጠየቅ እንደሚችል ተነግሮት ለአንድ ዓመት ዝም ያለ ሰው ምዝገባ እንዲሰረዝ ያዝዛል። ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን በሁለት ዓመት ውስጥ ማስረዳት ካልቻለ ከአይ-130 ጀምሮ እንደገና መጀመርና እንደገና መክፈል ይመጣል።

ቪዛው ተሰጥቶ አሜሪካ ከተገባ በኋላም አድራሻ ሥራውን አይጨርስም። ግሪን ካርዱ የሚላከው በቪዛው ማመልከቻ ላይ ወደተጻፈው የአሜሪካ አድራሻ ነው፤ ባል በመካከሉ ከቀየረ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለኢሚግሬሽን መኮንኑ አዲሱን መናገር ያስፈልጋል። ካርዱ ደርሶ ቢጠፋ ምትኩ በኢንተርኔት 415፣ በወረቀት 465 ዶላር ያስከፍላል። አዲስ የገባችው ሚስትም ከዚያ ወዲያ ቤት በቀየረች ቁጥር የ10 ቀኑ ሕግ ይመለከታታል። ስትገባ ትዳራቸው ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የሚሰጣት ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 የሚባለውን ቅጽ ማስገባት አለባቸው፤ ክፍያው 750 ዶላር ነው። ይህን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡት።

ስፖንሰሩም ከዚህ በኋላ ቤት ሲቀይር በ30 ቀን ውስጥ አይ-865 በሚባል ቅጽ ያሳውቃል፤ አብሮ የፈረመ ዘመድም እንዲሁ። ያላሳወቀ ከ250 እስከ 2,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ኤአር-11ም ሆነ አይ-865 የመንግሥት ክፍያ የላቸውም። አድራሻ ለመቀየር «የመንግሥት ክፍያ አለው» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትስጡ።