«ደርቢሻየር»፦ ሃያ ዓመት የፈጀ ሙግት

ሴፕቴምበር 9 ቀን 1980 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጃፓን በስተደቡብ ባለው ባሕር ላይ «ኦርኪድ» የተባለ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ (ታይፉን) ይነፍስ ነበር። ከካናዳው የሴቲል ወደብ 157 ሺህ ቶን ገደማ የብረት ማዕድን ጭና ወደ ካዋሳኪ ታመራ የነበረችው የእንግሊዝ መርከብ «ደርቢሻየር» በማዕበሉ ምክንያት ጉዞዋን መግታቷን በሬዲዮ አሳወቀች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም። የድረሱልኝ ጥሪ እንኳ አላሰማችም። ሠራተኞቿ 42 ነበሩ፤ ከሁለቱ ጋር ሚስቶቻቸው ተሳፍረዋል። ከ44ቱ አንድም ሰው አልተረፈም። በእንግሊዝ ባንዲራ ከሚጓዙ መርከቦች በባሕር ላይ ጠፍተው ከቀሩት ሁሉ ትልቋ እርሷ ናት።

መርከቧ አሮጌ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ብዙ ባላነጋገረ። ግን ከተሠራች ገና አራት ዓመቷ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በቲዝ ወንዝ ዳር ባለው የሃቨርተን ሂል መርከብ መሥሪያ ስዋን ሃንተር የተባለው ኩባንያ ከ1971 እስከ 1976 «ብሪጅ» የሚባሉ ስድስት እኅትማማች መርከቦችን ሠርቷል፤ የመጨረሻዋ «ደርቢሻየር» ናት። የንድፉ ሐሳብ ከገበያ የመነጨ ነው። ብትን ጭነት የሚያጓጉዝ መርከብ አንዱን መንገድ ሞልቶ ሄዶ በመልሱ ባዶውን ከተጓዘ ነዳጁም ጊዜውም ኪሳራ ነው። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ድፍድፍ ነዳጅ፣ በሌላው የብረት ማዕድን ወይም ሌላ ብትን ጭነት የምትይዝ መርከብ ተፈለገች።

የብረት ማዕድን ከባድ ነው። መርከቧ መሸከም የምትችለውን ያህል ክብደት ስትይዝ እንኳ ክፍሎቿ በቁመት አይሞሉም፤ ከማዕድኑ በላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል። ከላይ ያለው የብረት ክዳን እስከጸና ድረስ ይህ ችግር የለውም። ክዳኑ ከተሰበረ ግን ያ ባዶ ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ውኃ ይሞላል። የክዳኖቹ ዝቅተኛ ጥንካሬ የተወሰነው በ1966ቱ ዓለም አቀፍ የመርከብ ጭነት ልክ ስምምነት ሲሆን፣ በፊተኛው የመርከብ ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር 1.75 ቶን እንዲችሉ ይጠይቅ ነበር። ግዙፍ ማዕበል ከዚያ እጅግ የበለጠ ጫና ሊያሳርፍ እንደሚችል በይፋ የተረጋገጠው ሰዎቹ ካለቁ ከዓመታት በኋላ ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት በመጀመሪያ መደበኛ ምርመራ አያስፈልግም አለ። ሟቾቹ በአብዛኛው ተራ መርከበኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከሊቨርፑልና ከአካባቢዋ የመጡ። ቤተሰቦቻቸው ማኅበር አቋቋሙ። ከአባቶቹ አንዱ በሙያው የመርከብ ደኅንነት መርማሪ ነበርና የእኅት መርከቦቹን ሁኔታ መከታተል ያዘ። በ1982 «ታይን ብሪጅ» በተባለችው ላይ ከመኖሪያው ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ቁጥር 65 ከሚባለው አግዳሚ አጥንት አጠገብ ስንጥቅ ታየ። የመጀመሪያዋ መርከብ ስትሠራ እዚያ ባለው አግዳሚ ግድግዳ በኩል ሳይቋረጡ ያልፉ የነበሩት ቁመታዊ ደጋፊ ብረቶች በኋለኞቹ ላይ እዚያው እንዲቆሙ ተደርጎ ነበር። ቤተሰቦቹ የጥፋቱ መነሻ ይህ ነው ብለው ተሟገቱ። ኖቬምበር 1986 ደግሞ ከዚያው ከሴቲል ማዕድን ጭና የመጣችው እኅቷ «ካውሉን ብሪጅ» የመርከብ ወለሏ ተሰንጥቆ ታየ፤ መሪዋም ጠፍቶባት በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ ስታግስ ከሚባሉት ዓለቶች ጋር ተላትማ ተሰበረች። ሠራተኞቿ በሄሊኮፕተር ተነሡ። ያኔ መንግሥት ምርመራውን ሊከፍት ተገደደ። በ1989 የወጣው ውጤት ግን መርከቧ «በተፈጥሮ ኃይል ሳትሸነፍ አልቀረችም» ከማለት አላለፈም። ለቤተሰቦቹ ይህ መልስ አልነበረም።

ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌደሬሽን ለፍለጋው ገንዘብ አወጣና በ1994 መርከቧ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኘች። በ1997 የተላከው ሁለተኛ ጉዞ በሰው አልባ መሣሪያዎች ከ135 ሺህ በላይ ፎቶግራፍ አነሣ። መርከቧ ስትሰጥም የውኃው ግፊት ድርብ ግድግዳዋን አፈንድቶ በታትኖት ስብርባሪው ብዙ መቶ ሜትሮች ላይ ተዘርቶ ነበር።

ፎቶግራፎቹን የተመለከቱት ገምጋሚዎች በ1998 ያወጡት ሪፖርት ቤተሰቦቹን ከሁሉ በላይ አቆሰለ። ከፊት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን መርከበኞቹ በደንብ አልዘጉትም፣ ውኃው የገባው በዚያ ነው አለ። መናገር የማይችሉ ሙታን ተወቀሱ። እንዲህ ያለ ፍርድ ለብዙዎች ይመቻል፤ ንድፉን፣ ደንቡን፣ ባለቤቱን፣ ተቆጣጣሪውን ሁሉ ነፃ ያወጣልና። ለዚህ ነው ማኅበሩ እንደገና የተነሣው።

በ2000 ምርመራው በዳኛ ኮልማን ፊት እንደገና ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የተሰጠው ፍርድ ሠራተኞቹን ሙሉ በሙሉ ነፃ አወጣቸው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው ተባለ፦ ማዕበሉ ከፊት ወለል ላይ ያሉትን አነስተኛ የአየር ማስገቢያ ቱቦዎች ሰባበረ፤ በተከፈቱት ቀዳዳዎች ከአንድ ቀን በላይ ውኃ ገባ፤ የመርከቧ ፊት ቀስ በቀስ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ግዙፉ ማዕበል በቀጥታ በመጀመሪያው ክፍል ክዳን ላይ ወረደ። ክዳኑ ተሰበረ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። ከኋላ ባለው የመቆጣጠሪያ ክፍል የቆሙት መኮንኖች በጨለማና በማዕበል መሀል ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ቁጥር 65 የሚባለው አጥንት ዋናው ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። ቤተሰቦቹ በዚያ ነጥብ አልተሳካላቸውም፤ በዋናው ነጥብ፣ ጥፋቱ የሠራተኞቹ አይደለም ባሉት ግን ልክ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ደንቦቹ ተለወጡ። ከ2004 ጀምሮ የብትን ጭነት መርከቦች በክፍሎቻቸው ውኃ ሲገባ ለመኮንኑ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ መግጠም ግዴታቸው ሆነ፤ የፊተኛው ክዳንና የአየር ቱቦዎች የጥንካሬ መለኪያም ከፍ አለ። ለኢትዮጵያ ስንዴና ማዳበሪያ ወደ ጅቡቲ በሚያመጡት መርከቦች ላይ የሚሠሩትም የዚሁ ደንብ ጥበቃ አላቸው።

ሙግቱ ግን በሌላ መርከብ ላይ ቀጥሏል። «ስቴላር ዴይዚ» የነዳጅ መርከብ ሆና ተሠርታ ወደ ማዕድን ጫኝነት የተለወጠች ነበረች። ማርች 31 ቀን 2017 ከብራዚል 260 ሺህ ቶን የብረት ማዕድን ጭና ወደ ቻይና ስትጓዝ በደቡብ አትላንቲክ ሰጠመች፤ ከ24 ሰዎች የተረፉት ሁለት ፊሊፒናውያን ብቻ ናቸው። በ2019 ስብርባሪዋ ተገኝቷል። ከሟቾቹ መካከል የነበሩት ኮሪያውያን ቤተሰቦች የሰውን አፅም የሚያወጣና ምክንያቱን በጥልቀት የሚመረምር ሁለተኛ ጉዞ ጠይቀዋል። የ«ደርቢሻየር» እውነት የወጣው መርከቧ ስትገኝ ሳይሆን ሁለተኛው ጉዞና ሁለተኛው ምርመራ ሲካሄድ ነው። የኮሪያ ቤተሰቦች ጥያቄም ሊፈጸምላቸው ይገባል።