«አብዮት» እና «ዑደት»፦ የአንድ የባዕድ ቃል ፍቺዎች

በእንግሊዝኛ «ሬቮሉሽን»፣ በፈረንሳይኛ «ሬቮሉሲዮን» የሚባለው ቃል ሲያጋጥመው ተርጓሚው ብዙውን ጊዜ ሳያመነታ «አብዮት» ብሎ ይመልሰዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት የተነሡበት ሥር ፍጹም የተለያየ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የባዕዱ ቃል ምንጭ ላቲን ሲሆን፣ መሠረታዊ ፍቺውም ዞሮ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 የታተመውን መጽሐፉን በዚሁ ቃል ሲሰይም የሰማይ አካላትን ዑደት ማለቱ እንጂ ፕላኔቶች አመፁ ማለቱ አልነበረም።

«አብዮት» ግን የግእዙ «አበየ» ዘር ነው፤ ይኸውም እምቢ አለ፣ አልታዘዝም አለ ማለት ነው። ታላቅ ከሚለው «ዐቢይ» ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ ነገር ግን ያኛው በዓይኑ «ዐ»፣ ይህኛው በአልፋው «አ» የሚጻፍ በመሆኑ ሥራቸው አይገናኝም። የፊደሎቹን ልዩነት መጠበቅ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። ትግርኛ በበኩሉ «ሰውራ»ን ከዐረብኛ ወስዷል፤ እርሱም መነሣትንና መነሣሣትን ያመለክታል። ስለዚህ በአማርኛው ቃል ውስጥ ያለው እምቢታ ነው፤ መዞርም መመለስም የለበትም።

ችግሩ የሚጎላው በታሪክ ጽሑፎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1660 የእንግሊዝ ዘውድ ወደ ስፍራው ሲመለስ ድርጊቱን በዚህ ቃል የገለጹ የዘመኑ ጸሐፊዎች ነበሩ። ይህን «አብዮት» ብሎ መተርጐም ሐሳቡን መገልበጥ ስለሆነ «የዘውዱ መመለስ» ማለት ይሻላል። የ1688ቱ «የከበረው አብዮት» ግን ስም ሆኖ ስለ ጸና፣ በግርጌ ማስታወሻ ማብራራት ይበቃል። አዲስ ሥርዓት መመሥረት የሚለው ፍቺ የገነነው ከ1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት ወዲህ ነው። ተርጓሚው አስቀድሞ የጽሑፉን ዘመን ይጠይቅ።

በሥነ ፈለክ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምታደርገው ጉዞ «ዑደት»፣ በራሷ ዛቢያ ላይ የምትዞረው «ሽክርክሪት» ይባላል። ለሞተር «ዙር» ይበቃል፤ «በደቂቃ 3,000 አብዮት» ቢባል ያስቃል።

የማያስቀው «ፀረ አብዮት» ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር፤ ከተገደሉትም ብዙዎቹ ራሳቸውን አብዮተኛ ብለው የሚጠሩ ነበሩ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት «አብዮትን የሚቃወም» ብሎ ብቻ ቢፈታው የከሳሹን ቃል እንደ ራሱ መቀበሉ ነው። ከፍቺው ጋር «በደርግ ዘመን ለፖለቲካ ክስ ያገለገለ» የሚል መግለጫ ሊጨመርበት ይገባል።