ስለ ልከኛ የቤት አምሳያና ስለሚሠራበት የእጅ መሣሪያ

የአንድ ቀበሌ ሰዎች ለልጆቻቸው የትምህርት ክፍል ለመሥራት በተስማሙ ጊዜ ወዲያው ዕንጨቱ ይቈረጣል፤ ድንጋዩ ይጋዛል፤ ጭቃው ይቦካል። መስኮቱ በማይገባው ወገን መከፈቱ፥ በሩም ወደ ነፋስ መዞሩ የሚታወቀው ግን ቤቱ ተከድኖ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የተቈረጠው ዕንጨት ወደ ግንዱ አይመለስም፤ የሰው ድካምም እንዲሁ። ስለዚህ ብልሆች ሠራተኞች ትልቁን ከመጀመራቸው በፊት ትንሹን ሠርተው ያዩታል። ትንሹ ቢበላሽ የሚጠፋው አንድ እፍኝ ቀርከሃና የጥቂት ቀን ሥራ ብቻ ነውና።

እንዲህ ያለው ትንሽ ቤት አምሳያ ይባላል። ሕፃናት በክረምት ከጭቃ የሚሠሩት የጨዋታ ቤትም አምሳያ ነው፤ ነገር ግን ልክ የለውም። ልከኛ አምሳያ የሚባለው የቤቱ ክፍል ሁሉ በአንድ መጠን ያነሰበት ነው። ይኸውም ግድግዳው ከ20 እጅ አንድ እጅ ቢሆን፥ በሩም መስኮቱም ወንበሩም ከ20 እጅ አንድ እጅ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ልክ ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ ክፍል በአምሳያው 40 ሳንቲ ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 2 ሜትር ከፍታ ያለው በር 10 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 የሆነ ተማሪም 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለልጆች እጅና ለገጠር ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ይህ ልክ የተመቸ ነው።

ታላላቆች ሕንጻዎችም በዚህ ዐይነት ታስበዋል። በሮም ከተማ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የነደፈው ሚኬላንጄሎ በሸመገለ ጊዜ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1558 እስከ 1561 ባለው ዘመን፥ የጉልላቱን አምሳያ ከዕንጨት ከ15 እጅ አንድ እጅ አድርጎ አሠራ። እርሱ በ1564 ሞተ፤ ጉልላቱም ከእርሱ በኋላ በመጣ ሌላ ሠራተኛ አንዳንድ ነገር ተለውጦበት በ1590 ተፈጸመ። ሥራውን የተረከቡት ሰዎች በቃል የተነገረውን ብቻ ሳይሆን በዐይን የሚታይና በእጅ የሚለካ ነገር ነበራቸው።

እንግዲህ የመሣሪያው ነገር ይቀጥላል። የአናጢ መሣሪያ ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከ20 እጅ አንድ እጅ በሆነ አምሳያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው ቤት 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ተራው የአናጢ መጋዝ በሚያልፍበት መንገድ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዕንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል፤ ይህም በቤቱ ላይ ሲቈጠር 4 ሳንቲ ሜትር፥ አንድ ወፍራም የበር ሳንቃ ያህል ይሆናል። በአናጢ ዘንድ ከቁጥር የማይገባው ነገር በአምሳያ ሠሪ ዘንድ ቤት ያፈርሳል።

በዚህ ምክንያት ለትምህርት ቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መግዛት የሚገባው የሚቈርጠውን ሳይሆን የሚለካውን ነው። በገበያ ብዙ ዕቃ በአንድ ሣጥን ተደርድሮ ሲታይ ያስጐመጃል፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ አንድ መልካም የብረት ማስመሪያ ይበልጣል። የዕንጨት ማስመሪያ ቢላዋ በነካው ቍጥር እየተፋቀ ይጐደጕዳል፤ የልብስ ሰፊ ሜትርም ሲስቡት ይለጠጣል። የብረቱ ማስመሪያ ጫፍ የተበላ እንደ ሆነ ከ1 ሳንቲ ሜትር ምልክት ጀምሮ መለካትና በመጨረሻ አንዱን መቀነስ ይቻላል።

ሁለተኛው ግንበኞች እስኳድራ የሚሉት የማዕዘን መለኪያ ነው። ይህ ዕቃ ወድቆ ቢጣመም በዐይን አይታወቅም፤ ስለዚህ ይፈተናል። በቀጥተኛ ሳንቃ ዳር አስደግፈው አንድ መስመር ያሰምሩበታል፤ ከዚያም ገልብጠው በዚያው ነጥብ ላይ ዳግመኛ ያሰምራሉ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ከሆኑ መለኪያው ደኅና ነው፤ ከተለያዩም ጠማማነቱ የልዩነታቸው እኩሌታ ነው። እስኳድራ የታጣ እንደ ሆነ 3፥ 4 እና 5 ሳንቲ ሜትር ጐን ያለው ሦስት ማዕዘን በካርቶን ላይ ቢነድፉ፥ በ3ና በ4 መካከል ያለው ማዕዘን ትክክለኛ ነው።

የተለካውን ለማመልከት እርሳስ አይበቃም፤ የእርሳስ መስመር ራሱ ውፍረት አለውና። ለዚህ እናቶች ስፌት የሚሰፉበት ወስፌ ይሻላል። የብራና ጸሐፊዎች ይህን ጥንት ያውቁታል፤ በብራናው ኅዳግ በወስፌ እየወጉ ነጥብ ያደርጋሉ፥ ከዚያም ከነጥብ እስከ ነጥብ ያለ ቀለም ያሰምራሉ። አምሳያ ሠሪም እንደዚሁ በዕንጨቱ ላይ ቀጭን ጭረት ቢያደርግ፥ ቢላዋው በኋላ በዚያ ጭረት ገብቶ ሳይሸራተት ይሄዳል።

ስለ ቢላዋ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ጕዳት የሚመጣው ከዚህ ነውና። ብዙ ወላጆች ልጅ እንዳይቈረጥ በማለት የደነዘ ቢላዋ ይሰጡታል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የደነዘ ቢላዋ ኀይል ይፈልጋል፤ በኀይል የተገፋ ቢላዋም በድንገት ሲያመልጥ የሚያርፈው በጣት ላይ ነው። የተሳለው ግን በቀስታ ይታዘዛል። ስለዚህ መምህሩ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ሰንጢውን ራሱ በለሰለሰ ድንጋይ ላይ በውሃ እያራሰ፥ ስለቱን ዝቅ አድርጎ በሁለቱም ወገን ይሳለው። ስለቱ በጣት አይፈተንም፤ የወረቀት ጠርዝ ይቈረጥበታል፤ የተሳለ እንደ ሆነ ይቈርጣል፥ የደነዘ እንደ ሆነ ይቀዳል። ምላጭ ምንም ቢሰላ ሲጫኑት ስለሚሰበር በልጆች እጅ አይገባም።

አቈራረጡም ሥርዐት አለው። ከሥር ሳንቃ ይነጠፋል፤ የብረቱ ማስመሪያ በመስመሩ ላይ ይጫናል፤ የግራ እጅ ጣቶች ከጠርዙ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። መጀመሪያ ዕንጨቱን ለመንካት ያህል ብቻ ይሳባል፤ ቀጥሎ ጥቂት ይጠብቃል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ይለያያል። በአንድ ጊዜ ለመቍረጥ የሚቸኵል ተማሪ ዕንጨቱን ይሰነጥቃል። ድቡልቡል የሆነውን ቀጭን ዘንግ ለመቍረጥ ግን መጋዝም አያስፈልግም፤ ቢላዋውን በላዩ አሳርፎ ዘንጉን ከሥሩ ወዲያና ወዲህ ቢያንከባልሉት ዙሪያውን ቀለበት ይሆንና ሲሰብሩት በዚያው ይለቃል።

ወፍራም ነገር ለመቍረጥ ጥርሱ ደቃቅ፥ ምላሱም ስስ የሆነ መጋዝ ይመረጣል። ቍራጩ ሁልጊዜ ከመስመሩ በጥቂቱ ይረዝማል፤ የቀረውን ሞረድ ወይም የብርጭቆ ወረቀት ያደርሰዋል። የረዘመውን ማሳጠር ይቻላል፥ ያጠረውን ማስረዘም ግን የለምና። ሞረድ የሚበላው ወደ ፊት ሲገፋ ነው፤ ሲመለስ ከዕንጨቱ ማንሣት ይገባል። የብርጭቆ ወረቀቱም በጣት ተይዞ ቢፋቅበት የዕንጨቱን ጠርዝ ያድቦለቡለዋል፤ በአንድ ጠፍጣፋ ጕማጅ ላይ ተጠቅልሎ ሲሠራበት ግን ቀጥ ያለ ይሆናል።

ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። በግብጽ አገር በቴቤስ፥ መኬትሬ በሚባል የ4 ሺሕ ዓመት ያህል ሹም መቃብር ውስጥ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1920 ብዙ የዕንጨት አምሳያዎች ተገኝተዋል። ከእነርሱ አንዱ የአናጢዎች ቤት ነው። አንዱ አናጢ ሳንቃውን ከምሰሶ ጋር አስሮ በመጋዝ ይቈርጣል፤ ሌሎች በድንጋይ እየፈተጉ ያለሰልሳሉ፤ በአጠገባቸውም የመሣሪያ ሣጥን ተቀምጧል፥ በውስጡም ጥቃቅን መጋዝና መሮ አለ። የመሣሪያ አምሳያ የሠራው ያ ሰው ራሱ በምን ዐይነት ደቃቅ መሣሪያ ሠርቶት ይሆን ብሎ ማድነቅ ተገቢ ነው።

ቀዳዳ ለመብሳት ወስፌው ራሱ ያገለግላል፤ ነገር ግን እንደ ምስማር አይመታም። ቀርከሃ በቃጫው መንገድ ቶሎ ይሰነጠቃልና በግማሽ ዙር ወዲህና ወዲያ እያዞሩ በቀስታ ያስገቡታል። ጣት የማይዘውን ትንሽ ነገር ለማንሣት እሾህ የሚነቀልበት ወረንጦ ይበቃል፤ እርሱም በየቤቱ አለ። ሙጫ በስንጥር ጫፍ ጥቂት ብቻ ይቀባል፤ የተጣበቀውም በክር ታስሮ እስከ ማግሥቱ ይቈያል። ለክዳኑ የሚሆነው ሣር ከሁሉ የቀጠነው ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሰንበሌጥ በአምሳያው ላይ ሲታይ 4 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ዘንግ ይመስላልና።

ሥራው ሲቆም መሣሪያው ሁሉ በአንድ ሳንቃ ላይ ይሰቀላል። የእያንዳንዱ ቅርጽ በሳንቃው ላይ በከሰል ከተነደፈ፥ የጐደለው ያለ መቍጠር ይታያል። ተማሪዎች ከክፍሉ ከመውጣታቸው በፊት መምህሩ ይህን ሳንቃ ይመልከት፤ ሰንጢ በልጅ ኪስ ሆኖ ወደ ጨዋታ ሜዳ መሄድ የለበትም።

አምሳያው ባለቀ ጊዜ ቤቱ ወደሚሠራበት ስፍራ ይወሰድና በታሰበለት አቅጣጫ ይቀመጣል። ክዳኑ ተነሥቶ ሊመለስ የሚችል ቢሆን መልካም ነው። የፀሓይ ብርሃን ለትንሹና ለትልቁ ቤት በአንድ ወገን ስለሚወርድ፥ ከጧቱ በ3 ሰዓት በአምሳያው መስኮት የገባው ጮራ የት እንደሚያርፍ ሲታይ፥ በዚያው ወራት በዚያ ሰዓት በእውነተኛው ቤት የት እንደሚያርፍ ይታወቃል። ብርሃኑ በተማሪዎቹ ዐይን ላይ ቢወድቅ ሽማግሌዎቹ እያዩ መስኮቱ በሰንጢ በሌላ ስፍራ ይቀደዳል፤ የቀድሞውም በካርቶን ይደፈናል።

አንድ ነገር ግን አምሳያው አይናገርም፤ ይህም የዕንጨቱ ጥንካሬ ነው። ጋሊሌዎ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ነገር በመጠን ሲያድግ ክብደቱ ከጥንካሬው አብልጦ ያድጋል። ከአምሳያው 20 እጅ የሚረዝም፥ የሚሰፋና የሚወፍር ወራጅ ክብደቱ 8 ሺሕ እጅ ሲሆን፥ የተቈረጠው ፊቱ ስፋት ግን 400 እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ ጸንቶ የቆመ ክዳን በሜዳ ላይም ይቆማል አይባልም፤ ስለ ምሰሶውና ስለ ወራጁ ውፍረት አናጢው ይጠየቃል።