ክኒኑ በሰዓታት፣ እፎይታው በሳምንታት

ለድባቴ ሕመም ፍሉኦክሰቲን የታዘዘለት ሰው በሳምንቱ «ምንም አልረዳኝም» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም። ማቅለሽለሹና የእንቅልፍ መዛባቱ ቀድመው ይመጣሉ፤ እፎይታው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ያስጠብቃል። የሚገርመው፣ መድኃኒቱ ሥራውን የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ መሆኑ ነው።

ሴሮቶኒን የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ንጥረ ነገር ነው። በአንጎል ውስጥ የሚያመነጩት በአንጎል ግንድ ያሉ፣ ራፌ የሚባሉ የሕዋሳት ስብስቦች ናቸው። ሕዋሱ ሴሮቶኒኑን ከለቀቀ በኋላ መልሶ ይሰበስበዋል። ፍሉኦክሰቲን ይህን መሰብሰቢያ ሲዘጋ ሴሮቶኒኑ ውጭ ይከማቻል።

ነገር ግን የራፌ ሕዋሳት የገዛ ልቀታቸውን የሚለኩበት 5-ኤችቲ1ኤ የተባለ ተቀባይ አላቸው። ሮቶ ሲሞላ ውኃውን እንደሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ፣ ሴሮቶኒን ሲበዛበት ሕዋሱን «ቀንስ» ይለዋል። በመሆኑም በመጀመሪያው ሰሞን መድኃኒቱ የጨመረውን አንጎሉ መልሶ ይቀንሰዋል። ሳምንታት ሲያልፉ ይህ ተቀባይ ይደነዝዛል፤ ሕዋሱም ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ይህ በአብዛኛው ከእንስሳት ጥናት የተገኘ ማብራሪያ ቢሆንም፣ ለመዘግየቱ ከቀረቡት ምክንያቶች ሚዛን የሚደፋው እሱ ይመስለኛል።

መልእክቱን የሚቀበሉት ሕዋሳት ንቃትም ይለወጣል። ክሎድ ደ ሞንቲኚ እና ጆርጅ አጋጃኒያን በ1978 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ እንደ ኢሚፕራሚን ያሉ የቆዩ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ አይጦች የፊት አንጎል ሕዋሳት ለሴሮቶኒን የሚሰጡት ምላሽ ጨምሮ ተገኘ። ደ ሞንቲኚ ከዚህ ተነስቶ አንድ ነገር አሰበ፦ ሕዋሳቱ ንቁ ከሆኑ፣ የሴሮቶኒን ልቀትን የሚያግዘው ሊቲየም ቢጨመርስ? በ1981 እሱና ባልደረቦቹ እነዚህ መድኃኒቶች ላልረዷቸው ስምንት ሕሙማን ሊቲየም ጨመሩላቸው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ መሻሻል ማየታቸውንም ጻፉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሊቲየምን አጋዥነት ቢያረጋግጡም ፍጥነቱ ግን እንዲህ የሚደጋገም አልሆነም።

«ድባቴ የሴሮቶኒን እጥረት ነው» የሚለው አባባል እንግዲህ ጉዳዩን ከልክ በላይ ያቀለዋል። እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ክኒኑ በተዋጠ ማግስት ሕመሙ በለቀቀ ነበር።

መድኃኒቱን የጀመራችሁ፣ ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ። ከዚህ በፊት ያለ ልክ መፈንጠዝና እንቅልፍ አለመፈለግ አጋጥሟችሁ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ባይፖላር ላለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ማኒያ የሚባለውን ይህን ሁኔታ ሊቀሰቅስ ይችላል።