ያልተመዘገበ በደል ዋጋው ስንት ነው?

ኢኮኖሚክስ ስንማር ደጋግመው የነገሩን አንድ ነገር አለ፤ ነጻ የሚባል ነገር የለም። ብር ያልተከፈለበት ጊዜ ይከፈልበታል፤ ጊዜ ያልተከፈለበት ደግሞ በእሱ ፈንታ የቀረ ሌላ ነገር ይኖራል። ይህ ትምህርት ደሴ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ ከሰኞ ገበያ ይልቅ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። መክሰስም ዋጋ አለው። ለሴት ልጅ ደግሞ ዋጋው ይወደዳል።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየወረዳው ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ መጡ። ከእነሱ አንዷን አስቡ። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ በፈረቃ የምትሠራ፣ ከደሞዟ ላይ ለእናቷ የምትልክ ልጅ። አንድ ምሽት ከፈረቃ ስትመለስ ጥቃት ደረሰባት እንበል። ፖሊስ ጣቢያ ለማመልከት አንድ ቀን ትቀራለች። ለሐኪም ማስረጃ ሌላ ቀን፣ ዐቃቤ ሕግ ሲጠራት ሌላ ቀን። ጉዳዩ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ ሐረጎን ሽቅብ ወጥታ ደሴ መሄድ አለባት፤ ቀጠሮው ሲራዘም እንደገና። የቀረችበት ቀን ይቆረጥባታል። ልትመሰክርላት የምትመጣው ጓደኛዋም እንደዚያው ትቀጣለች። አከራይዋ ደግሞ «ፖሊስ የሚመላለስበት ቤት አልፈልግም» ልትል ትችላለች።

ይሄን ሁሉ ደምረን በሌላው ወገን ያለውን እንይ። እሱ ምን ይከፍላል? ቤተሰቡ ሽማግሌ ይልካል፣ በቃ። እናማ «ተይው እህቴ፣ አብሽሪ፣ ፈጣሪ ያየዋል» የሚላት ሰው የግድ ክፉ ሰው አይደለም። ሂሳቡን በልቡ አስልቶ ነው የሚናገረው።

ወሎ በሽምግልናው ይታወቃል። አበጋሮች ደም ያደርቃሉ፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ለትውልድ የሚተርፍ ቂም ይሽራሉ። እኔ በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን ሽምግልና የተሠራው ሁለት ቤተሰብን ለማስታረቅ ነው። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ እዚያ ሲገባ የሚታረቁት አባቶች ናቸው፤ ካሣው ለቤተሰብ ይሰጣል፣ ምስክር ዝም ይላል፣ መዝገቡም ይዘጋል። ልጅቷ የት ነበረች? ጓዳ።

ብዙ ሰው «እሺ፣ በዚሁ አለቀ» ይላል። አላለቀም። በተበዳይነት በር ስትገባ የተመለሰች ሴት አንዳንዴ በሌላኛው በር፣ በተከሳሽነት ተመልሳ ትመጣለች።

የአበራሽ በቀለን ታሪክ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ እያለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጠላፊዋ ደፈራት። ልታመልጥ ስትሞክር ሲያሳድዳት ይዛ በወጣችው ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። በአካባቢው ዓይን ጠለፋው ባህል ነበር፤ ወንጀሉ የእሷ ተኩስ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና ፍርድ ቤት ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2011፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። አበራሽ ግን በነጻ ብትለቀቅም ወደ መንደሯ ተመልሳ መኖር አልቻለችም። ታሪኳ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ ተሸለመ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ታሪኬን ያለፈቃዴ ወሰዱብኝ ያለችው እሷው ነበረች። ፊልሙ በኋላ ታይቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰው ሁሉ ስለ እሷ ሲናገር እሷን የጠየቀ ሰው ማነሱ ነው።

በዚያን ጊዜ የነበረው የ1949ኙ የወንጀል ሕግ ለጠለፋ የሚሰጠው ቅጣት ከሦስት ዓመት አይበልጥም ነበር። ጠላፊው ካገባት ደግሞ ክሱ ይቀራል። ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ይሄን ቀየረው። በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ጋብቻም ከቅጣት አያድንም። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ነገሩ ከከበደ ከዚያም በላይ ይሄዳል። ነገር ግን አንቀጹ «ከጋብቻ ውጭ» ይላል። ባል ሚስቱን ቢያስገድዳት በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። አንድ ባል ሚስቱን ለዓመታት ይደበድባል። አንድ ሌሊት ትመታዋለች፣ ይሞታል። ሕጉ ምን ይላል? አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን ጥቃቱ እዚያው የመጣ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። ከወሰኑ ካለፈች፣ ወይም ከባድ ቁጣ ቀስቅሶባት ከሆነ፣ አንቀጽ 541 ይመጣል፤ ቅጣቱ ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ከዚህ ውጭ ከሆነ ተራ የሰው ግድያ ነው፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። ልዩነቱ የአንዲት ሴት ሙሉ ዕድሜ ነው፤ የልጆቿም ነው።

ታዲያ ዳኛው የትኛውን አንቀጽ እንደሚመርጥ የሚወስነው ምንድን ነው? ማስረጃ። «ሲደበድበኝ ነው የኖረው» ስትል ማን ይመሰክራል? የሞተው ሰው አይናገርም። ጎረቤት ድምፅ ሰምቷል፤ ግን «የባልና ሚስት ነገር ነው» ብሎ በሩን ዘግቷል። ሽማግሌዎች ሦስቴ አስታርቀዋል፤ አንዱም በወረቀት አልሰፈረም። ጤና ጣቢያ ሄዳ «ወድቄ ነው» ብላለች። ያኔ ዝም ማለት ርካሽ መስሎ ነበር። አሁን ወለዱን ጨምሮ የሚከፈለው ችሎት ላይ ነው። ያልተመዘገበ በደል በኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል፤ ዕዳውን የምትከፍለውም ተበዳይዋ ናት።

ሴት ሁሌ ተበዳይ ናት እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ ማለት ሴትን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። ሴት ልጅ ስትገረዝ ምላጩን የምትይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ይዛ የምትሰጣት እናት ወይም አያት ናት። አንቀጽ 565 ይሄን ወንጀል ብሎታል፤ ዝቅተኛው ቅጣት ግን ሦስት ወር እስራት ወይም 500 ብር ነው። ከደቡብ ወሎ በጅቡቲና በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት ከሚወጡት ልጆች ጀርባ ካሉት ደላሎች መካከልም ሴት አለች፤ አንዳንዴም ራሷ በዚያው መንገድ ሄዳ የተመለሰች። በሕገ ወጥ የሰው ዝውውር አዋጅ ትጠየቃለች፣ መጠየቅም አለባት። እሷን ያለፈችበት መንገድ ነጻ አያወጣትም። ግን ማነው የላካት፣ ማነው ገንዘቡን የሚሰበስበው ሳይባል እሷ ብቻ ታስራ ከቀረች ገበያው በማግስቱ ሌላ ሴት ይቀጥራል።

የጦርነቱንም ነገር ማለፍ አልችልም። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው በኅዳር መጨረሻ ተለቀቁ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ባወጣው ሪፖርት በአማራና በአፋር ክልሎች የቡድን መድፈርን ጨምሮ የተፈጸሙ ጥቃቶችን ዘርዝሯል። ከዚያ የተረፉ ሴቶች ዛሬ በመካከላችን አሉ። በዳዩ በስም የማይታወቅ ከሆነ ሂሳቡ የባሰ ነው፤ የሚከሰስ ሰው የለም፣ የሚያወራ ጎረቤት ግን አለ።

ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ጥቃት የደረሰባት ሴት ካለች ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ የኤችአይቪ መከላከያው የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። ከመደፈር ያረገዘች ከሆነ በአንቀጽ 551 እና 552 መሠረት ጽንስ ለማቋረጥ የራሷ ቃል ይበቃል፤ የፖሊስ ወረቀት አምጪ ልትባል አይገባም። ክስ ባትፈልግም የሐኪም ወረቀቷን ትያዝ። ወረቀት አይጮህም፣ ግን አይረሳም።

ፋብሪካዎችም ለፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚቀር ሠራተኛ ቀን ባይቆርጡ አይከስሩም። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ መሬትና ድንበር ያስታርቁልን፤ መድፈር ሲመጣ ግን «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ወደ ሕግ ውሰዱት» ቢሉ ክብራቸው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የዳኛ፣ የፖሊስና የሐኪም ደሞዝ የሚከፈለው ከሁላችንም ግብር ነው። የፍትሕን ዋጋ አንዲት የፋብሪካ ልጅ ብቻዋን እንድትሸከመው ማድረግ በየትኛውም ሂሳብ ትክክል አይመጣም።