ጥያ፦ ጎራዴ የተቀረጸባቸው መቃብሮች

ከቦሌ በማለዳ ተነስቶ፣ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ የያዘ ሰው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንደተጓዘ ጥያ ይደርሳል። የሶዶ ጉራጌ ምድር ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ በአጥር በተከለለ ሜዳ ላይ ትክል ድንጋዮቹ ቆመዋል፤ ገሚሶቹ ወደ ጎን አዘንብለዋል።

ቁጥራቸው 36 ሲሆን 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ጎራዴው ላይ ነው። አንዱ ድንጋይ ጥቂት ይዟል፣ ሌላው ከአሥር በላይ። ከጎራዴው ሌላ ክብ ምልክቶች አሉ፤ ቅርንጫፍ የሚመስለውን ቅርጽ እንሰት ነው የሚሉም አይጠፉም። በእንሰት አገር ሌላ ምን ሊባል! አንድ ጎራዴ አንድ የተገደለ ጠላት ነው የሚለው ትረካም ጎብኚ ይወደዋል፤ ድንጋዩ ግን አዎም አይደለምም አይልም።

መቃብር መሆኑ ያጠያየቀው እስኪቆፈር ድረስ ነበር። ሮዤ ዡሶምን የመሳሰሉ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ ተኮራምተው የተቀበሩ ሰዎች አገኙ፤ ብዙዎቹም ወጣቶች ነበሩ። ዕድሜው ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ይገመታል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይለዋል፤ ግራኝ አሕመድ ግን የመጣው በ16ኛው ነው። ዩኔስኮ ጥያን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ ወደ 160 የሚጠጉ ሥፍራዎች ይታወቃሉ።

ጽሑፍ ግን የለም። ግዕዝ ከተጻፈ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ሳለ፣ እነዚህ ሙታን አንድ ስም እንኳ አልተውልንም።

በመልስ ጉዞ ከዋናው መንገድ ታጥፎ አዳዲ ማርያምን ማየት ይቻላል። ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊት ለላሊበላ ይሰጣታል፣ ዛሬም ይቀደስባታል። የዘመን ጎረቤት ብትሆን እንኳ ለጥያ ምሥጢር መፍቻ አልሆነችም።

በዚሁ መንገድ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር፣ መልካ ቁንጥሬ የተባለ የቅድመ ታሪክ ሥፍራም አለ። ሥፍራውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋለው ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ዴከር ነበር፤ ዣን ሻቫዮንም ለዓመታት ቆፍሮበታል። ከባልጩት የተሠሩ መሣሪያዎቹ ዝነኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባልጪት ከተባለው ሥፍራ ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የሥፍራው ታሪክ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ጎምቦሬ በተባለው ቦታ ከ700 ሺህ ዓመት በፊት ጭቃ ላይ የታተመ ዱካ ተገኝቷል፤ የአዋቂ ብቻ ሳይሆን ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ዱካም ነው። አጠገቡ የተበለተ ጉማሬ አጥንት ነበር።